ክፍል አለኝ

አክስቴ ስልክ አንስታ «ዛሬ አይመቸኝም፣ ክፍል አለኝ» ባለች ቁጥር እኔ ሶፋው ላይ ኩርምት ብዬ የማስበው ይህን ነበር፦ ይህች ሴት ሌላ ቦታ ሌላ ክፍል አላት፤ እዚያም የደበቀችው ነገር አለ።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ክፍል ሲባል የሚታየኝ አራት ግድግዳና አንድ በር ነው። አስተማሪ «ክፍል አለኝ» ሲል ላስተምር ልሄድ ነው ማለቱ እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይነግርሻል? ኋላም ቢሆን በትምህርት አልገፋሁም፤ ዘግይቼ ገባሁ፣ ቀድሜ ወጣሁ። ዛሬ መጋረጃ እየሰፋሁ ነው የምኖረው።

አክስቴ ቤት የመጣሁት እናቴ ያረፈች ጊዜ ነው። «እናትሽ አርፋለች» አሉኝና ፀጉሬን ዳበሱኝ። በእኛ ቤት ደግሞ ያረፈ ሰው ማታ ይነሳል። እናቴ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ ጎኗን ታሳርፋለች፤ መብራት ሲበራ ተነስታ ራት ትሠራለች። ስለዚህ አልደነገጥኩም። ስትታመም ከርማለች፣ ደክሟታል፣ ዘንድሮ ረዘም አድርጋ ታርፋለች አልኩ። የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እስክትነሳ ድረስ ካስቀመጡኝ ቦታ መገኘት አለብኝ። ከአክስቴ ቤት ካስወጡኝ የት ብላ ታገኘኛለች?

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። እናቴ «እታለም» ስለምትላት እኔም እታለም እላታለሁ። አርክቴክት ነች። ባል አላገባችም፣ አልወለደችም። ቤቷ ከፊት ቢሮ፣ ከኋላ መኖሪያ ነበር፤ ነበር ነው እንጂ ቢሮው እንደ ጎርፍ እየገፋ መጥቶ ለመኖሪያ የቀረው የእሷ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤቱና ከኋላ በኩል ዕቃ የታጨቀበት አንድ ክፍል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ጎናቸውን ያዘነበሉ ትልልቅ የንድፍ ጠረጴዛዎች ቆመዋል። የተጠቀለለ ወረቀት በየጥጉ እንደ ሸንኮራ ተደግፏል። ፕላን የሚባዛበት ማሽን ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እኔ የምተኛው እዚያ መሀል፣ ሶፋው ላይ ነው። ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ ተለጥፎ ይገኛል።

ቢሮውን ከእሷ ጋር የያዘው ኢንጂነሩ ነው። እሷ ቤቱን ትነድፋለች፣ እሱ ቤቱ እንዳይወድቅ ያሰላል። ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። በየጠዋቱ ሶፋው ላይ ጎንበስ ይልና «እንግዳችን እንዴት አደረች?» ይለኛል። ክፉ አልነበረም። እኔ ግን እንግዳ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዳ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከንድፍ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ሁለቱ ሻይ እየጠጡ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ትናንት የሁለተኛ ዓመት ልጆቼን ቤት አፈረስኩባቸው» አለች አክስቴ።

«አለቀሱ?»

«አንዷ አለቀሰች። እንቅልፍ አጥተው የሠሩት ነው። ግን ምን ላድርግ? በር የለውም እኮ። ቤት ሠርተው በሩን ረሱት።»

«አንቺስ ጨካኝ ነሽ።»

«አምስተኛ ዓመቶቹን ብታይ ምን ልትል ነው። አድገው አድገው መስኮት የት እንደሚከፈት አያውቁም።»

ኢንጂነሩ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ደርቄ ቀረሁ። ለካ ልጆች አሏት። አንዱ ሁለት ዓመቱ፣ አንዱ አምስት። የሆነ ክፍል ውስጥ ዘግታባቸዋለች። እንቅልፍ ትከለክላቸዋለች። ቤት ሠርተው ሲጫወቱ ሄዳ ታፈርስባቸዋለች። ይህችው ሴት ማታ ማታ እግሬን በብርድ ልብስ ጠቅልላልኝ ነው የምትሄደው። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ለማሰብ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

ወጥ ቤት ሄጄ ሠራተኛዋን ጠየቅኩ። ሠራተኛዋን ሁላችንም «ራዲዮ» ነው የምንላት፤ አፏ ሲዘጋ የሚታየው ስትተኛ ነው፣ ያውም ታንኮራፋለች። ድንች እየላጠች ነበር።

«እታለም ልጆች አሏት?»

«እትዬ? ሞልተዋት። ስንቱን አሳድጋለች መሰለሽ።»

«የት ናቸው?»

«ሄዱ እንጂ። ታሳድጋለች፣ ታስወጣለች። ታሳድጋለች፣ ታስወጣለች። ከወጡ ወዲያ ደግሞ ዞረው አያዩዋትም። የሰው ልጅ ውለታ የት ያውቃል።»

«ለምንድን ነው የምታስወጣቸው?»

«ስለጨረሱ ነዋ።»

ምን ስለጨረሱ? ይህን ልጠይቅ ስል ድስቱ ገነፈለና ተነሳች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁርሴን ጨርሼ አልበላም። የዳቦዬን ግማሽ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። አክስቴ ባዶውን ሳህን አይታ «ጎበዝ፣ ጨረስሽ» ስትለኝ ቶሎ ብዬ «አልጨረስኩም» እላለሁ። ሳህኑን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ግራ ይገባታል። እንዲህ ግራ እየተጋባን ነው የኖርነው።

ራዲዮ የምታወራው ስለ ተማሪዎች ነበር። እሷም እንደ ያኔዋ እኔ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዩኒቨርሲቲ ሲባል የገባት ይኸው ነው፦ ልጆች ይገባሉ፣ ይጨርሳሉ፣ ይወጣሉ። ምኑ ተሳሳተች?

ከዚያ ዝናብ የጣለ ከሰዓት መጣ። ኢንጂነሩ ጃንጥላውን እንኳ ሳያጥፍ ገባ።

«ሆስፒታሉን ሰጡን» አለ።

«ጥሩ ነው» አለች አክስቴ፣ ከማስመሪያዋ ቀና ሳትል።

«ጥሩ ነው ብቻ? ሴትዮ፣ ዕድሜ ልካችንን የሰው ጋራዥና ሽንት ቤት ስናሰላ ኖረን ሆስፒታል መጣ እያልኩሽ ነው።»

«ሰማሁህ እኮ። ጃንጥላህን ዝጋ፣ ወረቀቴን አራስከው።»

ጃንጥላውን ዘጋ። እኔ እንደተለመደው ከጠረጴዛው ሥር ነኝ፤ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ጫማው ከፊቴ መጣ። «እንግዲህ ልጆቹን ተያቸው» አላት። «ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት እዚህ እየሮጥሽ ሆስፒታል አይነደፍም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

«ዛፉ አንድ ነው። ቅርንጫፉ ነው ሁለት።»

«ተረት አትመልሺልኝ።»

«ማን ጀመረው?»

እሱ ድምፁን አለሰለሰ። «የኋላውንም ክፍል አስለቅቂው። ልጆቹ ሰኞ ይገባሉ። ጠረጴዛቸውን አዝዣለሁ።»

«እኔን ሳትጠይቅ?»

«ምኑ ይጠየቃል? አሮጌ ዕቃ ነው ያለበት። ወይስ ለእንግዳዋ አስበሽው ኖሯል?» ጎንበስ ሲል ወንበሩ ጮኸ። «እሷ እንደሆነች ለጊዜው ናት። የአባቷ ወገኖች ይወስዷታል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

አክስቴ እርሳስ መቅረጽ ጀመረች። ቅራፊው አጠገቤ መሬት ላይ እየተጠማዘዘ ሲወርድ አያለሁ። እርሳሱ አለቀ ብዬ እስካስብ ቀረጸች።

«እስከ ሰኞ ላስብበት» አለች።

ዛሬ ላይ ሆኜ ስፈታው ቀላል ነው። «ተያቸው» ያላቸው ልጆች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቿ ናቸው። «ሰኞ ይገባሉ» ያላቸው ደግሞ ለሆስፒታሉ ሥራ ሊያስገባቸው ያሰባቸው ፕላን የሚስሉ ወጣት ድራፍትማኖች ናቸው። ያን ጊዜ ግን ልጆች ልጆች ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተትኳቸው። ከዚያኛው ክፍል አውጥታ ሰኞ ወደዚህኛው ክፍል ልታስገባቸው ነው። የሁለት ዓመቱም፣ የአምስት ዓመቱም ይመጣሉ። ጠረጴዛ እንኳ ታዞላቸዋል። እኔ ደግሞ ለጊዜው ነኝ።

ዓርብ ዕለት የራዲዮ እህት ምጥ ያዛትና ራዲዮ ወደዚያ ሮጠች። እኔን የሚይዘኝ ሰው ጠፋ። አክስቴ ከራስጌዬ ቆማ ቁልፏን እያሽከረከረች አሰበችና «በይ ጫማሽን አድርጊ፤ ዛሬ ክፍል አብረን እንሄዳለን» አለችኝ።

ግትር ልጅ ነበርኩ፤ የመጣው ይምጣ፣ ልየው አልኩ። ኪሴን ዳበስኩ፤ ዳቦዬ አለ። ለትንሹ እሰጠዋለሁ።

የወሰደችኝ ቦታ ረጅም ኮሪደር ነበር፤ ከኮሪደሩ ጫፍ የሙጫ ሽታ ያለው አዳራሽ። ጠረጴዛዎቹ ላይ የካርቶን ቤቶች ተደርድረዋል፦ ጣሪያ ያላቸው፣ የሌላቸው፣ ከክብሪት እንጨት ደረጃ የተሠራላቸው። በየቤቶቹ መሀል ሰዎች ክንዳቸውን ተንተርሰው ተኝተዋል። ሕፃን ፈለግኩ። ከጠረጴዛ ሥር አየሁ፣ ከመዝጊያው ጀርባ አየሁ። የለም። አክስቴ ወረቀቷን ስታስተካክል የአንድ ጢማም ሰውዬ እጅጌ ሳብ አደረግኩ።

«የእታለም የሁለት ዓመት ልጅ የት ነው?»

«ሁለተኛ ዓመት እኛ ነን» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንተ?»

«አዎ፣ እኔ።»

ጢሙን አየሁት። «እንቅልፍ አትተኛም?»

«ኧረ ተይኝ። እንቅልፍ የሚባለውን ረስቼዋለሁ።»

«ቤትህን ታፈርስብሃለች?»

«እንግዲህ ዛሬ ነው ቀኑ» አለና የካርቶን ቤቱን እንደታመመ ልጅ በሁለት እጁ ደገፈው።

ከጢሙ በቀር ሁሉም ገጠመ። የባሰ ግራ ገባኝ። በሁለት ዓመት እንዲህ የሚያሳድግ ምን ብታበላቸው ነው? ያም ሆነ ይህ ዳቦውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። የኪሴን ክር እንኳ ሳያራግፍ ዋጠው። የራበው ልጅ መሆኑ እውነት ነው።

አክስቴ አጨበጨበችና የተኙት ተነሱ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቤት ውስጥ የማላውቀው ድምፅ አወጣች፤ ጮክ ያላለ፣ ግን ሁሉም የሚሰማው።

«እንጀምር። የሰጠኋችሁን ታስታውሳላችሁ። ሴትዮዋ የምትሠራው ቤቷ ውስጥ ነው። ልጅ አልነበራትም። አሁን አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታባታለች። ግድግዳው ይኸው ነው፣ ማስፋት አይቻልም። ልጅቷን የት አደረጋችኋት?»

ያለሁበት ቁጢጥ አልኩ። ለካ የሚመክሩት በእኔ ነው። ከእነዚህ የካርቶን ቤቶች ወደ አንዱ ልታስገባኝ ነው።

መነጽር ያደረገች ልጅ ተነሳች። «እኔ ሳሎኑ ጥግ፣ በመጋረጃ ከልያት።»

«ለምን እዚያ?»

«ሌላ ቦታ ስላልተረፈ።»

«የተረፈውን ነው የሰጠሻት ማለት ነው» አለች አክስቴ። «ቀጥል፣ አንተ።»

ቀጭኑ ልጅ ሞዴሉን አዟዙሮ አየው፣ እንደገና አዟዟረው። «እኔ እንኳ... ልጅቷን ረስቻታለሁ።»

ሳቁ። አክስቴ በእጇ አሳለፈችው። የጢማሙ ተራ ደረሰ።

«ከደረጃው ሥር ነው ያደረግኳት። ልጅ ስለሆነች ቁመቱ ይበቃታል።»

«ስታድግስ?»

ጢማሙ ትንሽ አሰበ። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ልጅቷ ለጊዜው ናት ወይስ ለሁልጊዜ? እሱን አልነገሩንም። እሱ ሳይታወቅ እኮ ምንም መንደፍ አይቻልም።»

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ አላደረገችውም። «ልክ ነህ» አለች። «አልነገርኳችሁም።» አሁን ትነግረዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱም ጠበቀ። አልነገረችውም።

ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት። «እኔ ደረጃ ሥር አልተኛም» አልኩ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«መጋረጃም አልፈልግም» አልኳት ባለመነጽሯን። ወደ ቀጭኑ ዞሬ «አንተን ደግሞ አላናግርህም።»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። መጀመሪያ ሳቁን ያቆመው ጢማሙ ነው። እኔን አየ፣ አክስቴን አየ፣ ካርቶኑን አየ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ደረጃውን ከሞዴሉ ላይ ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ይህን ስንት ዓመት ተሸክሜው ዞርኩ። ለከተማው ሰው ሁሉ ቤት የምትነድፍ ሴት የገዛ ቤቷን ፕላን ለተማሪ የቤት ሥራ አድርጋ እንደሰጠች የገባኝ መጋረጃ ልለካ ቤት ለቤት መዞር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ግድግዳዎቹ የእኛ ግድግዳዎች ነበሩ። የት እንደምታደርገኝ ቢጠፋት፣ እንቅልፍ ያጡትን ልጆች አማከረች።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ «ከቤቶቹ የቱን ወደድሽ?» አለችኝ።

«አንዱንም።»

«ለምን?»

«የሰው ቤት ናቸው።»



ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይነሳ ብርድ ልብሴን እየጎተትኩ ወደ ኋላው ክፍል ሄድኩ። የተሰበረ ወንበር ገፋሁ፣ የወለል ንጣፍ ናሙና የሞላበት ካርቶን ገፋሁ፣ ከመስኮቱ ሥር ቦታ አበጀሁና ተጋደምኩ። ልጆቹ ሲመጡ ባለቤት ያገኛሉ። አክስቴ ሻይዋን እንደያዘች፣ ፀጉሯ ሳይበጠር መጣች። ሶፋው ላይ አጥታኝ ኖሯል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልጆቹ ሳይገቡ ገባሁ።»

የትኞቹ ልጆች ብላ አልጠየቀችም። ግድግዳውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች። «ለምን እዚህ?» አለች፣ በአዳራሹ ድምፅ።

እንደ ጢማሙ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። «መስኮት አለው። ፀሐይ ይገባል። የግቢው በር ሲከፈት እዚህ ድረስ ይሰማል፤ አንቺ ስትመጪ እሰማለሁ። እናቴም ተነስታ ስትመጣ ቀድሜ እሰማታለሁ።»

አክስቴ የንጣፉ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ካርቶኑ ጎበጠ። ሻዩን ልትጠጣ ወደ አፏ አስጠግታ መለሰችው።

«ይህን ነው ስትጠብቂ የከረምሽው?»

«አዎ።»

«እናትሽ አትመጣም፣ ልጄ» አለችኝ። «አርፋለች ያሉሽ ሞታለች ለማለት ነው። ሰው እንደዚያ ይላል። እኔም ዝም አልኩ።»

«ማታም አትነሳም?»

«ማታም።»

አላለቀስኩም፤ ለቅሶው የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። የመስኮቱን መስታወት አየሁ፤ አቧራ ነበረበት። ታዲያ የግቢው በር ሲከፈት የምሰማው ማንን ነው ብዬ እያሰብኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ተሰማ፤ የኢንጂነሩም ድምፅ፦ «ቀስ፣ ቀስ፣ እግሩን እንዳትሰብሩት።»

ኢንጂነሩ በኋላ ሆስፒታሉን ከሌላ ቢሮ ጋር ሆኖ ሠራው። አክስቴ እስከ ጡረታዋ ጠዋት እያስተማረች፣ ከሰዓት የሰው ጋራዥ እየነደፈች ኖረች። ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል ነግራኝ አታውቅም። የነገረኝ እሱ ነው፤ ካረጀ በኋላ ለቤቱ መጋረጃ ልለካለት ሄጄ መሰላል ላይ ቆሜ ሳለ። «ቆጭቶሽ ያውቃል ወይ ብዬ በስልክ ጠየቅኳት» አለኝ። «ሥራ አለብኝ ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሆስፒታሉን ያሳጣሻት አንቺ ነሽ፣ ታውቂያለሽ?» ይህን ሲል እየሳቀ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞልኝ ነበር።

ያን ዕለት ግን አልሳቀም። ሆዱን አስቀድሞ ኮሪደሩን ሞላው፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ተሸክመዋል።

«በሉ ዞር በሉልን፣ እናስገባ።»

አክስቴ ተነሳች። በሩ መሀል ሄዳ ቆመች፤ የቀዘቀዘው ሻይ አሁንም እጇ ላይ ነው።

«እዚህ አይገባም» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ክፍሉ ሰው አለበት።»

እኔም ማን እንዳለበት ለማየት ዞር አልኩ።